ቤዛና ዕዳ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 29 ቀን ጠዋት በላሊበላ ከተማ፣ ቤተ ማርያምን በከበበው የዓለት አፋፍ ላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ስፍራ፣ ካህናቱ ጥንግ ድርባቸውን ለብሰው ይሰለፋሉ። ከፊሎቹ ከላይ ከአፋፉ፣ ከፊሎቹም ከታች ከቅጥሩ ውስጥ ቆመው ዜማውን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ እንደ ሆኑ ይነገራል። ሥርዓቱም በመዝሙሩ መነሻ ቤዛ ኵሉ ተብሎ ይጠራል።

ከሰቆጣ፣ ከዋድላ፣ ከሜቄትና ከደላንታ፣ ከዚያም ከራቀ አገር ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ የሚመጣው ሕዝብ በዓል ለማየት ብቻ አይመጣም። አንዱ ስእለቱን ለማግባት ይመጣል፤ ሁለተኛው ስለ ታመመ ልጁ ሊለምን ይመጣል፤ ሦስተኛው ግን ለጎረቤቱም ለሚስቱም ያልነገረውን በደል በሆዱ ይዞ፣ ከዚህ ስፍራ አራግፎት ሊመለስ ይመጣል። እኛም ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የዚህን የሦስተኛውን ሰው ነገር ነው። ይህ ሰው ተሸክሞት የመጣው ነገር ምንድር ነው? ከዚህ ስፍራ ሲመለስ ሸክሙ በእውነት ወርዶለታልን? ከወረደለትስ በማን ላይ ወረደ?

ስለ ላሊበላ ዓለት ብዙ ተጽፏል። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ምዕት ዓመት ስፍራውን ጎብኝቶ፣ በ1540 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ ያየውን ሁሉ ቢጽፍ አንባቢው እንዳያምነው መስጋቱን ገልጿል። ከእርሱም ወዲህ የመጡት ጸሐፊዎች አብዛኞቹ የተደነቁት በድንጋዩ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት እንዴት ተፈለፈሉ? ሁሉም በንጉሥ ላሊበላ ዘመን፣ ማለት በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ተሠሩን፣ ወይስ ከእነርሱ ጥቂቶቹ አስቀድመው ነበሩ? ይህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ድንጋዩ የተፈለፈለው ሐሳብን እንዲይዝ ነው፤ ሐሳቡም የበደልና የመዳን ሐሳብ ነው። የብራናውን ልስላሴ ብቻ አመስግኖ የሚያልፍ ሰው መጽሐፉን አነበበ እንደማይባል ሁሉ፣ ዓለቱን ብቻ አድንቆ የሚመለስ ሰውም ላሊበላን አነበበ አይባልም።

ወደ ንባቡ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። ኃጢአት፣ በደልና ዕዳ የሚሉት ቃላት በአነጋገራችን ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ፈንታ ይገባሉ፤ ሆኖም አንድ አይደሉም። ኃጢአት ስንል ዓይናችን ወደ ፈጣሪ ይመለከታል። በደል ስንል ግን ወዲያው ተበዳይ ይመጣል፤ በዳይ የሚለውን ቃል ተበዳይ ከሚለው ነጥሎ መናገር አይቻልምና። ዕዳም እንዲሁ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ አለው፤ ይከፈላል፣ ወይም በባለ ገንዘቡ ፈቃድ ይማራል እንጂ ባለ ዕዳው ስለ ጾመ ብቻ አይሰረዝም። ቤዛ የሚለው የግዕዝ ቃል ደግሞ በሌላው ፈንታ የሚሰጥ ዋጋ ማለት ስለ ሆነ፣ ከዕዳ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እንግዲህ የበዓሉ ስም ራሱ የመክፈልን ነገር የሚያነሣ ነው።

አሁን ወደ ዓለቱ እንመለስ። የስፍራው አሰያየም ኢየሩሳሌምን በላስታ ተራሮች መካከል ለመትከል የታሰበ መሆኑን ያስረዳል። አብያተ ክርስቲያናቱን በሁለት የሚከፍለው ቦይ ዮርዳኖስ ይባላል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው፤ ከአጠገቡም ደብረ ሲና አለ። ከቤተ ጎልጎታ በስተ ምዕራብ፣ በዓለቱ ጕድጓድ ውስጥ፣ መቃብረ አዳም የሚባል ከአንድ ዓለት የወጣ ሕንፃ ቆሟል። በጥንታዊው የክርስቲያን ትውፊት አዳም የተቀበረው በጎልጎታ ሥር ነው፤ የመስቀሉም ደም ወርዶ የራስ ቅሉን ነክቶታል ይባላል። ስለዚህ ወደ ጎልጎታ የሚገባ ተሳላሚ በአዳም መቃብር በኩል ማለፉ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጥንተ አብሶ የሚባለው የአዳም በደል ለሰው ልጅ ሁሉ ደረሰ፤ መዳኑም ለሰው ልጅ ሁሉ ደረሰ።

በሁለተኛው ወገን ባሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል ደግሞ ሲኦል የሚሉት ጨለማ የዋሻ መንገድ አለ። ተሳላሚው መብራት ሳይዝ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ፣ ከፊቱ የሚሄደውን ሰው ድምፅ እየተከተለ ያልፈዋል፤ በመጨረሻም ወደ ብርሃን ይወጣል። መምህር በጕባኤ ብዙ ቀን ፈጅቶ የሚያስረዳውን ትምህርት ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ በእጁና በእግሩ በጥቂት ጊዜ ይማረዋል። ይህን ያሰበው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ታላቅ አስተማሪ እንደ ነበረ አንጠራጠርም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። በዚህ የዓለት መጽሐፍ ውስጥ የአዳም መቃብር አለ፤ የአቤልን መቃብር ግን አላየንበትም። የአዳም በደል በአዳምና በፈጣሪው መካከል የሆነ ነገር ነው፤ ትእዛዝ ፈረሰ፣ ፍሬ ተበላ፣ ገነት ተዘጋ። የልጁ የቃየል በደል ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ወንድም አለበት፣ ደሙም ከምድር ይጮኻል። የመጀመሪያውን በደል ሁላችንም በውርስ እንካፈለዋለን ተብለናል። ሁለተኛውን ግን እያንዳንዱ በገዛ እጁ ይሠራዋል፤ ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰውም ይሠራበታል። የአዳምን በደል የሚያስረዳ ዓለት ተፈልፍሎልን ሳለ ስለ ቃየል በደል የምንማረው ከየት ነው?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ገድለ ላሊበላ ስንሄድ ያልጠበቅነውን እናገኛለን። ገድሉ ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ15ኛው ምዕት ዓመት ግድም እንደ ተጻፈ ሊቃውንት ይገምታሉ። ዡል ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅም በ1892 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በፓሪስ አሳትሞታል። በዚህ ድርሰት ውስጥ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ እኅቱ በምቀኝነት ተነሥታ መርዝ ያለበትን መጠጥ እንዳቀረበችለት ይተረካል። የሚያገለግለው ዲያቆን አስቀድሞ ቀመሰና ሞተ። ዲያቆኑ ያስመለሰውን የላሰ ውሻም ሞተ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ጽዋውን ወርውሮ ስለ መትረፉ አምላኩን ያመሰግን ነበር። ላሊበላ ግን በእርሱ ፈንታ የሞተ ሰው በፊቱ ወድቆ ሳለ እርሱ መኖር እንደማይገባው ቈጠረ፤ መርዝ መሆኑንም እያወቀ ጽዋውን አንሥቶ ጠጣ። ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሆኖ የተኛው፣ ወደ ሰማይም ተነጥቆ አብያተ ክርስቲያናቱን በራእይ ያየው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ እንደ ማናቸውም ተአምር እየተነበበ ይታለፋል። እኛ ግን የድርሰቱ ሁሉ ቍልፍ ከዚህ ያለ ይመስለናል። ደራሲው የራእዩን በር ያኖረው በአንድ አገልጋይ ሬሳ አጠገብ ነው። ላሊበላ ዲያቆኑን አልገደለውም፤ መርዙን አላዘጋጀም፤ ቅመስልኝ ብሎም በክፋት አላዘዘውም። በሸንጎ ቢጠየቅ ነጻ ነው። ሆኖም ሸንጎ ነጻ ቢያደርገው ልቡ ነጻ አላደረገውም። ዲያቆኑ ሳያውቀው ለጌታው ቤዛ ሆነ፤ ጌታውም ይህን ቤዛነት በነጻ ተቀብሎ ለመሄድ እንቢ አለ። በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ የሰው ሕይወት በሰው ላይ ስለሚያሳድረው ዕዳ ከዚህ የበለጠ የተናገረ ታሪክ እናገኛለን ብለን አናምንም። ላሊበላን ያሳደደው ንጉሥ ሐርቤም በመጨረሻ በአምላክ ትእዛዝ ዙፋኑን እንደ ለቀቀለት ገድሉ ይተርካል። የበደለው ሰው በእጁ የነበረውን ነገር ሰጠ እንጂ ነገሩን በቃል አላስቀረውም።

ገድሉ ስለ ቃል ኪዳኑ የሚናገረው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወደዚህ ስፍራ በእምነት የመጣ ሰው ኢየሩሳሌም እንደ ሄደ እንዲቈጠርለት ተስፋ ተሰጥቷል። ይህን የመሰለው ቃል ኪዳን በሌሎችም ገድላት የተለመደ ነው፤ ዝክሩን ለዘከረ፣ ገድሉን ላጻፈ፣ ስለ ስሙ ድኻ ላበላ ሰው ምሕረት ይታሰብለታል። ተስፋው ለማን እንደ ተሰጠም ማሰብ ይገባናል። በረሓውንና ባሕሩን ተሻግሮ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ስንቁም ጕልበቱም ለሌለው ድኻ የተሰጠ ተስፋ ነበር። ከላሊበላ ብዙ በማይርቀው በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የብዙ ሰዎች አጽም እስከ ዛሬ ይታያል፤ ከሩቅ መጥተው በቅዱሱ ስፍራ ያረፉ ተሳላሚዎች እንደ ሆኑ በትውፊት ይነገራል። ያን አጽም አይቶ በእነዚያ ሰዎች ናፍቆት ለመሳለቅ የሚደፍር ሰው ልብ የለውም። የእኛ ወቀሳ በናፍቆቱ ላይ አይደለም። ወቀሳችን፣ ከጊዜ ብዛት የተነሣ አንባቢውም ሰባኪውም ተስፋውን ይዞ ጽዋውን በመርሳቱ ላይ ነው።

ይህ የአነባበብ ጕድለት በገድለ ላሊበላ ብቻ የሚታይ አይደለም። በተአምረ ማርያም ያለውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ አይገኝም፤ ከየካቲት 16 ቀን ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር ይነሣል፣ በብዙ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ላይ ተሥሏል። 78 ነፍስ የበላ ሰው ለአንድ ውሃ ጥም ላቃጠለው ቍስለኛ ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በሞተም ጊዜ የበላቸው ነፍሳት በሚዛኑ በአንድ ወገን፣ ያ ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ሆኖ ተመዘነና በእመቤታችን ምልጃ ውሃው አመዘነ።

ተራኪው ምን ማለቱ እንደ ሆነ አልጠፋንም። ምሕረት እንደ ገበያ ዕቃ በሰፈርከው ልክ የሚሰፈር አለመሆኑን ሊያሳይ ፈልጎ፣ በደሉን እጅግ አክብዶ ጽድቁን እጅግ አቀለለው። በድርሰት ጥበብ በኩል ሲታይ ይህ ብርቱ ዘዴ ነው። ውሃው የተሰጠውም ሰው ሁሉ ለሚጸየፈው ቍስለኛ ስለ ሆነ፣ መዳኑ በዚህም ታሪክ ቢሆን በሌላ ሰው ጥም በኩል ያለፈ ነው። ሆኖም ታሪኩ አንድ ነገር ይጐድለዋል። 78ቱ ሰዎች በሚዛኑ ላይ ክብደት ብቻ ሆነው ቀሩ። አንደበት የላቸውም፤ ስማቸው አልተጠራም፤ ይቅር ብላችኋልን ብሎ የጠየቃቸው የለም። አባቶቻችን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉትን ተረት ወደዚህ ሚዛን አጠገብ ብናመጣው ሚዛኑ ምን ይመልሳል?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚቀርብብን እናውቃለን። ሰው ሁሉ የበደለውን ከፍሎ ይዳን ካላችሁ ማን ይድናል? የገደለ ሰው የሞተውን ከወዴት ይመልሳል? ድኻስ ካሣ ከየት ያመጣል? ምሕረት ማለትስ ያልከፈሉትን መማር አይደለምን? ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት፤ ምሕረትን ከዓለም ብናስወግድ ማናችንም አንቆምም። ነገር ግን የምንለው ይህን ነው። ምሕረት የሚጀምረው መክፈል ከማይቻልበት ስፍራ ነው እንጂ መክፈል ከማይፈለግበት ስፍራ አይደለም። ላሊበላ ዲያቆኑን ሊያስነሣው አልቻለም፤ በተቻለው መጠን ግን ከዕዳው አልሸሸም። ምሕረቱ ያገኘው ከዚያ ላይ ነው።

ይህን ልዩነት ሕዝባችን አያውቀውም አይባልም። በአማራው አገር የቆየው የዕርቅ ልማድ ለዚህ ምስክር ነው። ነፍስ የጠፋ እንደ ሆነ ደም ለማድረቅ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በሟች ወገኖች ፊት ይወድቃል፤ ካሣ ይቈረጣል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ዳግመኛ ቂም ላለመያዝ ይማማላሉ። የካሣው ገንዘብ የሞተውን እንደማያስነሣ የማያውቅ ሽማግሌ የለም። የነገሩ ሥር ግን ገዳዩ ራሱ በሟች ወገኖች ፊት መቆሙ፣ ይቅርታውንም ከእነርሱ አፍ መጠበቁ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀራጩ ዘኬዎስ መዳን ወደ ቤቱ እንደ ገባ የተነገረለት፣ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ካለ በኋላ ነው። መባውን ወደ መሠዊያ ያመጣ ሰውም ወንድሙ የተቀየመው መሆኑን ቢያስብ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ በወንጌል ታዟል። መንፈሳዊውንና ሥጋዊውን ሕግ በአንድነት የያዘው ፍትሐ ነገሥትም ሌባው የሰረቀውን እንዲመልስ ያዛል። እውነተኛ የነፍስ አባትም የቀማ ሰው የቀማውን ሳይመልስ ጾምና ስግደት ብቻ እንደማይበቃው ያስተምራል። እንግዲህ እኛ የምንነቅፈው እምነቱን አይደለም፤ ከገዛ መጽሐፉ ግማሹን ገልጦ ግማሹን ሸፍኖ የሚያነበውን አማኝ ነው።

በተግባር ግን ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው ቀርተዋል። የመበለቲቱን ድንበር የገፋ ሰው ዐቢይ ጾምን ይጾማል፤ በገና ላሊበላን ይሳለማል፤ ለደብሩ የሐር ጃንጥላ በስእለት ያገባል። ወደ ቀዬው ሲመለስ ሰው ሁሉ በተሳላሚነቱ ያከብረዋል፤ እርሱም በቅንነት ሸክሙ እንደ ቀለለው ይሰማዋል። መበለቲቱ ግን ማለዳ ስትነሣ የምታየው የእርሱን በሬዎች በእርሷ ማሳ ላይ ነው። ጃንጥላውም የተገዛው ከዚያ ማሳ በወጣው እህል ነው። ሸክሙ በማን ላይ ወረደ ብለን በመነሻችን የጠየቅነው ስለዚህ ነበር።

ነገሩ በአንድ መንደር ድንበር የተወሰነ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ባላመጣነው ነበር። ነገር ግን ላስታ ረኃብ የተመላለሰበት አገር ነው። በ1958 ዓ.ም. ዋግና ላስታ ተርበዋል፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በሙሉ ተጐድቷል፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የባሰ መጣ። በነዚህ ጊዜያት ሁሉ ገበሬው ምሕላ ያዘ፤ እግዚአብሔር በኃጢአታችን ተቈጣን አለ። ምሕላውን አናቃልለውም። በጨነቀ ጊዜ ሕዝቡን አንድ ላይ ያቆማል፤ የሚሞተውም ሰው ብቻውን የተተወ እንዳይመስለው ያደርጋል። ይሁን እንጂ በደላችን የሚለው ቃል ሰውን ሁሉ አንድ ያደርጋል። ዘርቶ ዝናብ ያጣውን ገበሬና የገበሬውን አቤቱታ ተቀብሎ በመሳቢያው ውስጥ የከተተውን ሹም በአንድ መስመር ያሰልፋቸዋል።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረኃብ ባደረጉት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በ1958 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው የረኃብ ወሬ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ለመድረስ 302 ቀን ፈጅቶበታል። ከዚያም በኋላ ሚኒስቴሩ ያደረገው ነገር የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲላክለት መጠየቅ ነበር። በ1966 ዓ.ም. የሆነውንም ሁላችን እናውቃለን፤ ረኃቡ ተሸሽጎ ቆይቶ ዓለም በሙሉ ያወቀው በጥቅምት ወር የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የ1977 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ የተከበረበት ጊዜ ነበር።

እስቲ በእነዚያ 302 ቀኖች ላይ ጥቂት እንቆይ። ወረቀቱን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ያሳለፉት ሰዎች ክፉዎች ነበሩ ብለን አንጀምር። በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ዐቢይ ጾም አልፏል፤ ፋሲካም አልፏል። ከመካከላቸው የጾሙ፣ የተናዘዙና ቀኖና የተቀበሉ እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም። ለነፍስ አባታቸው ሲናዘዙ ግን ያን ወረቀት በኃጢአት የቈጠረው የነበረ አይመስለንም። እንደ ላሊበላ እነርሱም ማንንም አልገደሉም፤ በሸንጎ ነጻ ናቸው። ላሊበላን ከእነርሱ የሚለየው፣ በእርሱ ፈንታ የወደቀው ሰው በዓይኑ ፊት መውደቁ ነው። የእነርሱ ዲያቆን 302 ቀን ርቆ ነበር።

እንግዲህ ስለ አዳም ብቻ የሚያውቅ የበደል ትምህርት ሁለት ጥፋት ያመጣል። ለተራበው ገበሬ የማይገባውን በደል ያሸክመዋል፤ ለሹሙ ደግሞ የሚገባውን በደል ያቀልለታል። የመጀመሪያው ጭካኔ ነው፤ ሁለተኛው ሽንገላ ነው።

የላስታ ሰው ግን ስለ ሹም በደል የሚናገር ሌላ ትውፊት አቆይቶልናል። ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ ለቅቆለት ነበር ይባላል። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ካለፈ በኋላ የአዲሱ ንጉሥ ወታደሮች ለንጉሡ ማዕድ ብለው የአንድ ድኻ ገበሬ ብቸኛ ላም ወሰዱበት። ይህን የሰማችው የላሊበላ ሚስት መስቀል ክብራ ባሏን መክራ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ አደረገችው። ነአኵቶ ለአብ ራሱ ከቅዱሳን ተቈጥሮ በስሙ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሰው ነው፤ ላሟን በገዛ እጁ እንደ ወሰደም ትውፊቱ አይናገርም። ሆኖም የድኻው ላም ከጠፋች የንጉሡ ጸሎት ብቻ መንግሥቱን አላቆመለትም። ይህ ትውፊት በታሪክ ረገድ ምን ያህል የጸና ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ በሐሳብ ረገድ ግን ከገድሉ ጽዋ ጋር አንድ ቃል ይናገራል።

ምናልባት አንዳንድ ወጣት አንባብያን ይህ ሁሉ የድሮ ሰው ነገር ነው፣ እኛን አይመለከተንም ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ሃይማኖትን ተውን ያሉት ሰዎች የኑዛዜውን ልማድ ይዘውት እንደ ሄዱ አይተናል። በደርግ ዘመን በየስብሰባው ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር፤ ከዚያም በኋላ በመጣው ዘመን ግምገማ ተባለ። ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን ይናዘዛል፤ ሰብሳቢው ይመዝናል፤ ጕዳዩ ይዘጋል። ኑዛዜው የሚሰማው ግን ከበላይ ባለው አካል ፊት ነው። የተበደለው ሰው፣ ፋይሉ የጠፋበት ባለ ጕዳይ፣ ያለ ፍርድ የታሰረው ጎረቤት፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወንበር አልነበረውም። መስቀሉ ከግድግዳው ወረደ እንጂ ሚዛኑ እንደ ነበረ ቀረ።

ነገሩ ዛሬም አላለቀም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በላስታ ላይ አልፏል፤ ከዚያም ወዲህ ሰላም ተሟልቶለት አያውቅም። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ እውነትን ስለ ማውጣት፣ ስለ ተጠያቂነት፣ ስለ ካሣና ስለ ዕርቅ ይናገራል። በዚህ ሥራ የሚሰማሩ ሹማምንትና ሽማግሌዎች ሁሉ፣ ወደዱም ጠሉም፣ ሕዝቡ ስለ በደልና ስለ መዳን ካለው ሐሳብ ጋር መገናኘታቸው አይቀርም። ሁላችንም በድለናል፣ ሁላችንም ይቅር እንባባል የሚለው አነጋገር ለጆሮ ደስ ይላል፤ የአዳም መቃብር አነጋገር ነውና። ልጇ የሞተባት እናት ግን የምትጠይቀው ስለ አዳም አይደለም። የእርሷን ይቅርታ በእርሷ ፈንታ ሊሰጥ የሚችል ጕባኤ የለም፤ ካህንም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን፣ ጸሐፊም ቢሆን።

መምህራን ገድለ ላሊበላን ለተማሪዎቻቸው በሚያስረዱበት ጊዜ ከመላእክቱና ከዓለቱ አስቀድመው በጽዋውና በዲያቆኑ ላይ ቢቆዩ መልካም ይመስለናል። እንዲህ ቢደረግ ቃል ኪዳኑ አይፈርስም፤ ይልቁንም ከመሠረቱ ጋር ይገናኛል።

ወደ ሦስተኛው ሰው እንመለስና ነገራችንን እንፈጽም። በዓሉ አልቋል፤ ካህናቱ ከማሜ ጋራ ወርደዋል። ሰውየው በአዳም መቃብር በኩል አልፏል፤ በጨለማውም ዋሻ ውስጥ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄዷል፤ አልቅሷልም። ዕንባው ሐሰት አይደለም፤ ማንም ሐሰት ሊለው አይገባም። አሁን በትሩን ይዞ፣ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ወደ ኋላው ትቶ፣ ወደ አገሩ የሚወስደውን መንገድ ጀምሯል። ጥቂት ቀን እንደ ተጓዘ ከቀዬው ይደርሳል። ወደ ቤቱ የሚያስገባው መንገድም በመበለቲቱ ደጃፍ በኩል ያልፋል።